አየርና ጦር ነክ ዜናዎች ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች፦ ያያችሁትን እዚህ አስፍሩ

የሀንጋሩ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ይህን ርዕስ የከፈትኩት ተናድጄ ነው፤ ከጋዜጠኞች ጋር ለመጣላት ግን አይደለም። ሰሞኑን በአንድ ጣቢያ ስለ አየር ፍራንስ በረራ 447 የተሠራ ፕሮግራም ሳይ አቅራቢው «ስቶል» የሚለውን ቃል የሞተር መቆም አድርጎ ተረጎመው። አውሮፕላኑ ሞተሮቹ ጠፍተውበት አትላንቲክ ውስጥ ወደቀ ብሎ አለፈ። ይኸው ስህተት በሬዲዮም በዩቲዩብም ሲደጋገም ሰምቻለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009 ኤርባስ ኤ330 አውሮፕላን 228 ሰዎች ይዞ ከሪዮ ዴ ጃኔይሮ ወደ ፓሪስ እየበረረ ነበር። ፒቶ የሚባሉት የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎች በበረዶ ቅንጣት ተደፈኑ። ኮምፒውተሩ የሚያምነው የፍጥነት ቁጥር ስላጣ ኦቶፓይለቱ፣ ማለትም አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ፣ ሥራውን ለአብራሪዎቹ ለቀቀ። መሪውን የያዘው ረዳት አብራሪ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይ ሳበ፤ አውሮፕላኑ ወደ 38 ሺህ ጫማ ወጣ፣ ፍጥነቱም ወረደ። ክንፉ ከሚገጥመው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ አየሩ የክንፉን ጀርባ ተከትሎ መፍሰሱን ይተውና ይበታተናል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል። ስቶል ይህ ነው። ሞተር ውስጥ የሚሆን ነገር አይደለም። በ447 ላይ ማዕዘኑ ከ35 ዲግሪ በላይ ሆኖ ነው አውሮፕላኑ እስከ ባሕሩ የወረደው። ሞተሮቹ ግን እስከ መጨረሻው ይሠሩ ነበር፣ የሚሰጣቸውንም ትእዛዝ ይቀበሉ ነበር።

ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ። «ሞተሩ ቆመ» ከተባለ ጥፋቱ የብረት ይሆንና ነገሩ እዚያው ያበቃል። መርማሪዎቹ ግን ሁለት ዓመት ገደማ ባሕር ሲያስሱ ቆይተው ከ3,900 ሜትር ጥልቀት የበረራ መቅጃዎቹን ያወጡት ለሌላ ጥያቄ ነው፤ ሦስት የሠለጠኑ አብራሪዎች አውሮፕላናቸው ስቶል ላይ መሆኑን እንዴት ሳያውቁ ቀሩ? የማስጠንቀቂያው ድምፅ 54 ሰከንድ ያለማቋረጥ ጮኋል። ከዚያ የሚለካው ፍጥነት ከ60 ኖት (በሰዓት 111 ኪሎ ሜትር ገደማ) በታች ሲወርድ ኮምፒውተሩ መረጃው የማይታመን ነው ብሎ ድምፁን አጠፋው። አብራሪው አፍንጫውን ዝቅ ሲያደርግ፣ ማለትም ትክክለኛውን ነገር ሲያደርግ፣ ፍጥነቱ እንደገና መለካት ስለጀመረ ማስጠንቀቂያው ተመልሶ ይጮህ ነበር። ማሽኑ ትክክለኛውን እርምጃ ስህተት አስመሰለበት። ከዚህ አደጋ በኋላ በብዙ አየር መንገዶች የአብራሪዎች ሥልጠና የተለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ቃል በስህተት ሲተረጎም ይህ ሁሉ ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

እናንተስ ምን አይታችኋል?

ዜና ክፍል፦

የሀንጋሩ ልጅ፣ ጥሩ ርዕስ ነው የከፈትከው፤ ከወዲያኛው ወገን ያለውን ደግሞ ልንገርህ። እኔ የምሠራው የውጭ ዜና ላይ ነው። አደጋ ሲደርስ ከዜና ወኪሎች የሚመጣው ጽሑፍ ራሱ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው፤ እነሱም በየደቂቃው ያርሙታል። እኔ ያንን ተርጉሜ ለአንባቢው አደርሳለሁ። አጠገቤ የሚጠየቅ አብራሪ የለም፣ መሐንዲስ የለም። አለቃዬ ደግሞ ስቶል ብዬ ብጽፍ ማን ይገባዋል ይለኛል። ስለዚህ ስህተቱን ብቻ ሳይሆን በምትኩ ምን ብዬ ልጻፍ የሚለውንም አብራችሁ ንገሩኝ። በእውነት እጠቀምበታለሁ።

የሀንጋሩ ልጅ፦

እህቴ፣ ስቶል ብለሽ ጻፊና «ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም አቃተው» ብለሽ አንድ ሐረግ ጨምሪ። አበቃ። ምክንያቱ ገና ካልታወቀ ደግሞ «አውሮፕላኑ ከፍታውን አጣ» በይ። እሱን ራዳሩም ያየዋል፣ ማንንም አይኮንንም።

ከፍታ አንድ ሺህ፦

የእኔ አጭር ናት። አውሮፕላኑ በ35 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ይበር ነበር እያላችሁ የምትጽፉ እባካችሁ ተዉ! ጫማ ነው፣ ጫማ። 35 ሺህ ጫማ ማለት 10,668 ሜትር ነው። ከድምፅ የሚፈጥነው የመንገደኞች አውሮፕላን ኮንኮርድ እንኳ የሚበረው በ60 ሺህ ጫማ፣ ማለትም 18 ሺህ ሜትር ገደማ ነበር። የስለላ አውሮፕላኑ ኤስአር-71 እ.ኤ.አ. በ1976 ያስመዘገበው የከፍታ ክብረ ወሰን ራሱ 26 ሺህ ሜትር አይሞላም። ኖትም እንዲሁ በሰዓት ኪሎ ሜትር አይደለም፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ መለኪያውን ብቻ መቀየር ከፍታውን ከሦስት እጥፍ በላይ ያሳድገዋል፣ ፍጥነቱን ደግሞ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል።

መድፈኛው፦

ልጆቼ፣ የአየሩን ለባለሙያዎቹ ልተውና እኔ የምድሩን ልናገር። በመድፈኛ ክፍል ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

በቴሌቪዥን ሰንሰለት ያለው ነገር ሁሉ ታንክ ይባላል። ታንክ ዋና ሥራው በቀጥታ አይቶ መተኮስ ነው፤ ትጥቁም ወፍራም የሆነው ለዚሁ ነው። ቢኤምፒ ሰንሰለትም ላዩ ላይ የሚዞር መድፍም አለው፣ ግን እግረኛ ጭኖ የሚሄድ ብረት ለበስ ነው። ቢቲአር ደግሞ በስምንት ጎማ የሚሄድ ነው፤ እሱን እንኳ ታንክ ሲሉት ሰምቻለሁ። በሰንሰለት የሚሄደው 122 ሚሊ ሜትር መድፍ ለሩቅ ዓይን ቁርጥ ታንክ ነው፤ ግን ከኋላ ሆኖ፣ ዒላማውን ሳያይ፣ በተመልካች ምሪት የሚተኩስ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «ታንኮች ከተማዋ ጫፍ ደረሱ» ማለትና «መድፎች ከተማዋን ከሩቅ መደብደብ ጀመሩ» ማለት ሁለት የተለያዩ ቀናት ናቸው። አንዱን ሰምቶ ሰው ይሸሻል፣ ሌላውን ሰምቶ ጉድጓድ ይገባል።

ሌላው ሮኬትና ሚሳኤል ነው። ቢኤም-21 ሁላችሁም ስሙን ታውቁታላችሁ። 40 ቱቦ አለው፣ 122 ሚሊ ሜትር ሮኬት ይተኩሳል፣ አርባውንም በ20 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። ሮኬቱ ከቱቦው ከወጣ በኋላ የሚመራው የለም። የሚያርፈው ነጥብ ላይ ሳይሆን ሰፊ ቦታ ላይ ተበትኖ ነው። ሚሳኤል ግን መሪ አለው። የቢኤም ጥይት ያረፈበትን ሰፈር «በሚሳኤል ተመታ» ብሎ የጻፈ ሰው ሳያስበው ተኳሹ ያንን ቤት መርጦ መታው እያለ ነው። በተቃራኒውም፣ ተመርቶ የመጣውን ሚሳኤል «ሮኬት ወደቀ» ያለ ሰው የታሰበውን ድንገተኛ አደረገው። ይህ በፍርድ ቤት ፊት ትልቅ ነገር ነው።

ሐሳበ ቀና፦

ጋሼ መድፈኛው፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ትንሽ የተጋነነ አይመስልዎትም? ሰው ዜና የሚሰማው ምን ሆነ፣ ስንት ሰው ሞተ የሚለውን ለማወቅ ነው። ታንክ ይሁን ቢኤምፒ ለእናቴ ምን ይፈይድላታል?

መድፈኛው፦

ልጄ፣ ጥሩ ቦታ ላይ መጣህልኝ። «ስንት ሰው ሞተ» ካልክ የባሰው ስህተት ያለው እዚያው ነው። የውጭ የጦር ታሪክ መጻሕፍት የአንድን ጦር ጉዳት በአንድ ቁጥር ሲያስቀምጡ የሞተውን፣ የቆሰለውን፣ የተማረከውን፣ የደረሰበት ያልታወቀውን በአንድ ላይ ደምረው ነው። የእኛ ተርጓሚዎች ያንን ድምር አንስተው «ይህን ያህል ሞተ» ይላሉ።

አንድ ቀን ላሳይህ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ የሶም ውጊያ የተከፈተበት ቀን። የእንግሊዝ ጦር ጉዳት 57,470 ነው። ከእነዚህ የሞቱት 19,240 ናቸው። በአማርኛ የተሠሩ ዝግጅቶች ላይ «በአንድ ቀን 57 ሺህ እንግሊዛውያን አለቁ» ሲባል ትሰማለህ። 38 ሺህ ሰው በሕይወት እያለ ተቀበረ ማለት ነው። የሞተው 19 ሺህ አንሶ ነው ተብሎ ነው? በአንድ ጦር ላይ፣ በአንድ ቀን፣ 19 ሺህ!

እኛ ደግሞ ቃሉ አጥተን አይደለም። አባቶቻችን «ሙትና ቁስለኛ» ይሉ ነበር፤ አሁንም ይባላል። ምርኮኛና የደረሰበት ያልታወቀ ሲጨመር መዘርዘር ነው። ለእናትህ ደግሞ ይህ ይፈይድላታል፤ ልጇ ግንባር ያለ እናት «ሞተ» እና «ቆሰለ» የሚሉትን ለይታ ታዳምጣለች።

ሐሳበ ቀና፦

ይህንኛውን ተቀብያለሁ ጋሼ። ቁጥሩ ላይ ልክ ነዎት። የታንኩ ነገር ግን አሁንም ለተራ አድማጭ ከባድ ነው እላለሁ።

ዜና ክፍል፦

እኔ ግን የጋሼን እደግፋለሁ። «ብረት ለበስ ተሽከርካሪ» ብሎ መጻፍ ማንንም አይከብድም፤ ዓይነቱን በእርግጠኝነት ካላወቅን እሱ ይበቃል። ታንክ የምንለው ታንክ ስለሚያስደነግጥ ነው። እውነቱ ይህ ነው።

ማይጨው 1928፦

እዚህ ውስጥ ያልገባ ትልቅ ጉዳይ አለ፤ ምስል። በሁለተኛው የኢጣልያ ወረራ ላይ የሚሠሩ ዝግጅቶችን በጥንቃቄ ስለማይ የታዘብኩትን ላካፍላችሁ።

ስለ ማይጨው እየተተረከ የሚታየው አውሮፕላን ስቱካ ነው። አንድ ሞተር ያለው፣ ክንፉ ወደ ታች ታጥፎ ወደ ላይ የሚመለስ፣ ቁልቁል ሲወረወር በሳይረን የሚጮህ የጀርመን ቦምብ ጣይ። ማይጨው የተዋጋነው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1936። ያኔ ስቱካ ገና ለውጊያ አልበቃም ነበር። ጀርመንም በዚያ ጦርነት ከኢጣልያ ጎን የተሰለፈች አልነበረችም፤ እንዲያውም ለኢትዮጵያ በድብቅ መሣሪያ ሸጣለች። አባቶቻችንን የደበደቧቸው ካፕሮኒ 133 እና ሳቮያ ማርኬቲ 81 ነበሩ። ሁለቱም ሦስት ሦስት ሞተር ያላቸው፣ አንዱ ሞተር አፍንጫው ላይ፣ ሁለቱ ክንፎቹ ላይ፣ ጎማቸው የማይታጠፍ ከባድ አውሮፕላኖች። እየተወረወሩ አልነበረም የመጡት፤ ተረጋግተው፣ ተራ በተራ ነበር። የስቱካው ሳይረን ደግሞ በዓለም ዙሪያ ለወደቀ አውሮፕላን ሁሉ መጠቀሚያ ስለሆነ ሰው አውሮፕላን ሲወድቅ በተፈጥሮው እንደዚያ የሚጮህ ይመስለዋል።

ታንኮቹም እንዲሁ። አንድ ዝግጅት ላይ ታይገር ታንክ አይቻለሁ፤ ታይገር ለውጊያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ኢጣልያኖች በብዛት ያሰማሩት ሲቪ-33 የሚባለውን ትንሽ ብረት ለበስ ነው። 3 ቶን ገደማ ይመዝናል፣ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል፣ የሚዞር ጉልላት የለውም፤ መትረየሱ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚተኩሰው። ይህን ያወቀ ሰው የደምበጉናን ውጊያ ይረዳዋል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ሠራዊት በደምበጉና መተላለፊያ እነዚህን ተሽከርካሪዎች ቀርቦ ነው ከጥቅም ውጪ ያደረጋቸው። ከጎንና ከኋላ የመጣ ሰው በመትረየሱ አይደረስበትም ነበር። ታይገር እያሳዩ ይህን ውጊያ መተረክ ግን የአባቶቻችንን ማስተዋል ተአምር ያስመስለዋል። ተአምር አልነበረም። የጠላትን መሣሪያ ድክመት አይተው፣ ሞትን ተሻግረው ተጠግተው የሠሩት ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የመርዙ ነገር ነው። «የመርዝ ጋዝ» ሲባል ዝግጅት አቅራቢዎቹ የሚያሳዩት ነጭ ደመና መሬት ለመሬት ሲጎተትና ወታደሮች ጉሮሯቸውን ይዘው ሲወድቁ ነው። እሱ ክሎሪን ነው፤ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1915 ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ የለቀቁት። በኢትዮጵያ ላይ የዘነበው በዋናነት ኢፔሪት፣ ማለትም የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ነው፤ ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ፈሳሽ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜ አካባቢ የጀመሩት እያንዳንዱ ከ200 ኪሎ በላይ ኢፔሪት በያዘ ቦምብ ነበር፤ ቦምቡ አየር ላይ ተከፍቶ ፈሳሹን ይረጫል። በኋላ አውሮፕላኖች ላይ መርጫ ገጥመው እንደ ጭጋግ አወረዱት። ጃንሆይ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ያሰሙት አቤቱታ ይህንኑ ነው የሚገልጸው፤ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት አውሮፕላኖች ተከታትለው እየረጩ ጭጋጉ አንድ ወጥ መጋረጃ እስኪሆን ድረስ።

ኢፔሪት ሲነካ ወዲያው አያቃጥልም። ሰውየው እርጥብ ሣር ላይ በባዶ እግሩ ይሄዳል፣ ከወንዙ ይጠጣል፣ ምንም አልተሰማውም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፤ ዓይኑ ይዘጋል። ምን እንደነካው ስለማያውቅ የለበሰውን ሸማ አያወልቅም፣ የነካው ጓደኛውም ይያዛል። ከብቱም፣ ውኃውም፣ ቅጠሉም ተበክሏል። ይህን በማሳል የሚወድቅ ወታደር ማሳየት ወንጀሉን ማሳነስ ነው። ኢጣልያ የመርዝ መሣሪያን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቭ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1928 ያጸደቀች አገር ነበረች፤ መርዙን መጠቀሟን በይፋ ያመነችው ግን እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት የተካደ ነገር በተሳሳተ ምስል መቅረብ የለበትም።

መድፈኛው፦

እግዚአብሔር ይስጥህ። ይህን ጽሑፍ ለልጅ ልጆቼ አነብላቸዋለሁ።

ከፍታ አንድ ሺህ፦

ማይጨው 1928፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሁለት የሚጋጩ አባባሎች ደጋግሜ እሰማለሁ፤ አንደኛው ኢትዮጵያ ያኔ አንድም አውሮፕላን አልነበራትም ይላል፣ ሌላኛው ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን የኢጣልያን አውሮፕላኖች ሲያረግፍ እንደነበር ይተርካል። አውሮፕላኖች እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ነበሩን፤ ፖቴዝ 25 ከመጀመሪያዎቹ ነው። ጥቂቶች ነበሩ፣ ለአየር ውጊያም የሚበቁ አልነበሩም። ሮቢንሰን አየር ኃይሉን እየመራ በእነዚሁ መልእክትና ሰው ያመላልስ ነበር፤ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በሞሉበት ሰማይ ላይ መከላከያ በሌለው አውሮፕላን። ለጀግንነቱ ይህ አንሶ ነው ሌላ የሚፈጠርለት?

ተርጓሚ ነኝ፦

የማዕረግ ነገርም አለ። «ካፕቴን» የሚለውን ባዩበት ሁሉ «ሻምበል» ይሉታል። በምድር ጦር ልክ ነው። የባሕር ኃይል ካፕቴን ግን ከኮሎኔል ጋር ነው የሚተካከለው። በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ የያዘ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ «በሻምበል እገሌ የሚመራው» ተብሎ አንብቤያለሁ። የሲቪል አውሮፕላን ካፕቴን ደግሞ ጭራሽ የጦር ማዕረግ የለውም፤ ዋና አብራሪ ነው።

የእንግሊዝ አየር ኃይል ማዕረጎች ቃል በቃል ሲተረጎሙ «የክንፍ አዛዥ» ይመጣል። ዊንግ ኮማንደር ሌተና ኮሎኔል ነው፣ ስኳድሮን ሊደር ሻለቃ፣ ግሩፕ ካፕቴን ኮሎኔል። ሌላው ደግሞ፣ ሌተና ጄኔራል ከሜጀር ጄኔራል ይበልጣል። «ሌተና» የሚለው ዝቅ ያለ ስለሚመስል «ከሌተና ጄኔራልነት ወደ ሜጀር ጄኔራልነት አደገ» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ። ሰውዬው ወርዷል ማለት ነው።

በአማርኛ ሻምበልና ሻለቃ የሰውም የክፍልም መጠሪያ መሆናቸው ተጨማሪ ችግር ይፈጥራል። «ሻለቃው ተደመሰሰ» ሲባል አንድ መኮንን ነው ወይስ በመቶዎች የሚቆጠር ሠራዊት? «የሻለቃ ጦር» ማለት ጥርጣሬውን ያስቀረዋል።

የሀንጋሩ ልጅ፦

አሁን በጣም ወደሚከብደኝ ልመለስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302። 157 ሰዎች። ስለዚህ አደጋ በጥንቃቄ መናገር ግዴታ ነው፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ስህተቱ አልቀረም።

አንደኛ፣ ሰዓቱ። አውሮፕላኑ የተነሳው በውጭ አቆጣጠር ጠዋት 8፡38 ላይ ነው። በእኛ ከጠዋቱ 2፡38። ምርመራው የሚጠቀምበት ዓለም አቀፍ ሰዓት ደግሞ 5፡38 ነው። ሦስቱም አንድ ቅጽበት ናቸው። አንዳንድ ጽሑፎች ላይ 8፡38ን እንዳለ ወስደው ከሰዓት በኋላ አድርገውታል፤ ሌላው 5፡38ን ወስዶ ረፋድ ላይ አድርጎታል።

ሁለተኛ፣ ኤምካስ፤ ቦይንግ 737 ማክስ ላይ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚገፋው አሠራር። ብዙ ቦታ «ኦቶፓይለቱ አፍንጫውን ወደ ታች ደፈቀው» ተባለ። ኤምካስ ኦቶፓይለት አይደለም። እንዲያውም የሚሠራው ኦቶፓይለቱ ሲጠፋና ፍላፖቹ (ለመነሳትና ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚዘረጉት) ሲታጠፉ፣ አብራሪው በእጁ ሲያበር ብቻ ነው። አፍንጫው ጎን ላይ ያለው ማዕዘን ለካሽ ማዕዘኑ በዝቷል ካለው፣ ጭራው ላይ ያለውን አግድም ክንፍ አዙሮ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋል። በዚያን ጊዜ አሠራሩ የሚያምነው አንድን ለካሽ ብቻ ነበር። በ302 ላይ የግራው ለካሽ ከተነሱ ብዙም ሳይቆዩ የተሳሳተ ቁጥር መስጠት ጀመረ፤ ኤምካስም እሱን አምኖ ደጋግሞ ገፋ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2018 በኢንዶኔዥያው ላየን ኤር በረራ 610 ላይ 189 ሰዎች ያለቁትም በተመሳሳይ መንገድ ነው። «ኦቶፓይለቱ ነው» ከተባለ አድማጩ «ታዲያ ለምን አላጠፉትም?» ብሎ ይጠይቃልና ጥፋቱ ሄዶ አብራሪዎቹ ላይ ያርፋል። ጠፍቶ ነበር እኮ! የኤሌክትሪክ ማዞሪያውን የሚቆርጡትን ማብሪያ ማጥፊያዎችም አጥፍተው ነበር፤ ከዚያ በእጅ ሊያዞሩት ሞክረው አልቻሉም። በኤፕሪል 2019 የመጀመሪያው ሪፖርት ይፋ ሲሆን የትራንስፖርት ሚኒስትሯ አብራሪዎቹ የታዘዘውን ደጋግመው እንደፈጸሙና አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳልቻሉ ነው የገለጹት።

የሞቱ አብራሪዎች መልስ አይሰጡም። ስለዚህ ሙያዊ ቃል ሲያጋጥም መጠንቀቅ ለእነሱ የሚከፈል ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ፣ ጥቁር ሳጥን። ቀለሙ ብርቱካናማ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ያልታወቀው ሁለት መሆናቸው ነው፤ አንዱ የበረራ መረጃ፣ ሌላው የአብራሪዎቹን ክፍል ድምፅ ይቀዳል። «ጥቁር ሳጥኑ ምልክት እየላከ ነው» የሚባለውም ውኃ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው፤ ምልክት ሰጪው የሚነቃው ውኃ ሲነካው ነው። በየብስ ላይ የወደቀ አውሮፕላን መቅጃ የሚገኘው በሰው ዓይንና እጅ ተፈልጎ ነው።

ዜና ክፍል፦

የኦቶፓይለቱን ነገር በዚህ ግልጽነት አንብቤው አላውቅም። አመሰግናለሁ። «በግዳጅ አረፈ» የሚለውስ? ሁልጊዜ ይከራከሩኛል።

የሀንጋሩ ልጅ፦

አብዛኛውን ጊዜ አብራሪው ችግር ዓይቶ ቅድሚያ ጠይቆ፣ ጤነኛ አውሮፕላን በጤነኛ መንደርደሪያ ላይ ነው የሚያሳርፈው። እሱን «ለጥንቃቄ ሲባል አረፈ» ብትዪ ይበቃል። በግዳጅ ማረፍ መብረሩን መቀጠል ሳይቻል ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 ኒውዮርክ ላይ ሁለቱም ሞተሮቹ በወፍ ተመትተው ኃይላቸውን ያጡበት ኤ320 ሃድሰን ወንዝ ላይ አረፈ፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ይህ «ተከሰከሰ» ተብሎ ተዘግቧል። አልተከሰከሰም። አብራሪዎቹ አስበውበት ውኃ ላይ አሳረፉት።

ተርጓሚ ነኝ፦

የዓመት ቆጠራውስ? 8 መቀነስ ብቻ የሚያውቁ አሉ። ወረራው የጀመረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ነው፤ 8 ቀንሰው 1927 ይሉታል። መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው።

ማይጨው 1928፦

አድዋም ላይ ይኸው ጣጣ አለ፤ ማርች 1 ነው ማርች 2 እየተባለ ሰው ይጣላል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ውጊያው የተደረገው እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። በግሪጎርያን አቆጣጠር 1900 ዓመት እንደ ሌሎቹ አራተኛ ዓመቶች ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፤ በእኛ ግን ጳጉሜን እንደተለመደው ስድስት ሆናለች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ተዛነፈ። የታሪኩን ቀን ስትጽፉ ማርች 1፣ ዛሬ የሚከበርበትን ስትጽፉ ማርች 2 በሉ።

ዜና ክፍል፦

እሺ፣ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ። የ1969ኙን የኦጋዴን አየር ውጊያ የሚመለከት ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ከምስል ክፍል የመጣልኝ ፎቶ ላይ አፍንጫው እንደ ቧንቧ ክፍት የሆነ፣ መሐሉ ሾጣጣ ያለው ጀት አለ። «የኢትዮጵያ ተዋጊ ጀት» የሚል መግለጫ ተለጥፎበታል። ይሆናል?

ከፍታ አንድ ሺህ፦

አይሆንም፤ እሱ ሚግ-21 ነው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ሚግ-21 እና ሚግ-17 የሚያበሩት የሶማሊያ አብራሪዎች ነበሩ፤ የእኛዎቹ አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5 ላይ ነበሩ። ኤፍ-5 አፍንጫው ሹል ነው፣ አየር የሚያስገባው ከጎንና ከጎን ነው፣ ከኋላ ሁለት ሞተር አለው። ኢትዮጵያ ሚግ-21 ያገኘችው ከዚያ በኋላ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ስትወዳጅ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አዘጋጅ የኋለኛውን ዘመን ፎቶ ለመጀመሪያው ውጊያ ይለጥፈዋል። ያንን መግለጫ ብታወጪው የእኛን አብራሪዎች በተፋለሙት አውሮፕላን ውስጥ ታስቀምጫቸዋለሽ።

ዜና ክፍል፦

ፎቶውን አንስቼዋለሁ። የኤፍ-5 ፎቶ በማኅደር ውስጥ አግኝቼ እንዲህ ብዬ ጽፌአለሁ፦ «በኦጋዴን ጦርነት የኢትዮጵያ አየር ኃይል ይጠቀምበት የነበረው ኤፍ-5 ተዋጊ ጀት»። እርማት ካለ ማታ ወደ ኅትመት ከመሄዱ በፊት ንገሩኝ።

ከፍታ አንድ ሺህ፦

ፎቶው ራሱ የኢትዮጵያ አውሮፕላን መሆኑን አረጋግጪ። ጭራውና ክንፉ ላይ ያለውን ምልክት እዪ፤ የሌላ አገር ከሆነ «ኤፍ-5፣ ኢትዮጵያ ትጠቀምበት ከነበረው ዓይነት» በይው።